ትርንጎን ይዤ ወደ ቢቸና

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ሞጣ ሄጄ የሙሽራ ልብስ ለብሰው የሚቆሙ ሞዴሎችን ፎቶ ላነሳ ነው። ልብሱን የሚሸጠው ሰይድ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ሲሆን፣ በአዲሱ ሱቁ ግድግዳ ላይ የሚሰቅላቸው ፎቶዎች ፈልጓል። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ ብርድ ላይ ቆምኩ፤ ከአዴት በኋላ ደግሞ አቧራው ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር።

ሞጣ፣ መጋዘኑ

ስቱዲዮ ያልነው ሥራ ያቆመ የኑግ ዘይት መጭመቂያ መጋዘን ነው። ማሽኑ ዝጓል፣ ወለሉ አሁንም ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ መሀል የገባው ፕላስቲክ ግን ለፎቶ የሚሆን ለስላሳ ብርሃን ያወርዳል። ሞዴሎቹ ሁለት ናቸው፤ ፎዚያ የሞጣ ልጅ፣ ትርንጎ የቢቸና። ሥራ ላይ ክፉ ነኝ። ትርንጎ አገጯን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ስጮህባት አረፈድኩ፤ እሷም ምላሷን አውጥታብኝ ታስተካክላለች።

ነጩን ቀሚስ ልትለብስ መጋረጃ ጀርባ እንደገባች ስልኬ ጠራ። አጎቷ ናቸው፤ ቁጥሬን ለቤተሰቧ ሰጥታ ኖሯል።

«ወንድሜ፣ አባቷ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈ» አሉኝ። «ቀብሩን ለነገ አቆይተነዋል። አደራዎን እንዳይነግሯት። እኔ ቤት ትደርና ጠዋት ሽማግሌዎች መርዶውን ይነግሯታል። መንገድ ላይ ሰምታ እንዳትወድቅብን።»

ለሰይድ በጆሮው ነገርኩት።

«ኢና ሊላሂ! አውቶብስ ላይ የቢቸና ሰው አይጠፋም፣ አፉ ያመልጠዋል። በፒካፔ እናደርሳታለን፤ አሁን ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፣ እስኪመለስ ሥራህን ቀጥል። ካቆምክ ትጠረጥራለች።»

ትርንጎ ወጣች። የዛገው ማሽን ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ እኔም አነሳኋት። «ጎበዝ!» «እንደዚያው ሁኚ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም። አባቷ ሞቶ ሳለ ሳቋን አሞገስኩላት።

ወደ ቢቸና

«ቀሪውን ነገ ቢቸና ነው የምናነሳው» ብለናት ከሰዓት በኋላ ተነሳን፤ ሰይድ ራሱ ያሽከረክር ነበር። ደብረ ወርቅ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ሰይድ ጎማውን ሊያይ ሲወጣ ትርንጎ ብርጭቆዋን ሳትነካ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ነጩን ከለበስኩ ወዲህ አንዴም አልተቆጡኝም።»

«ጎበዝ ስለሆንሽ ነዋ።»

«አገጬን ሆን ብዬ ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ዝም አሉኝ። ማን ነው የሞተው? እማዬ ናት?»

«ኧረ እሷ አይደለችም!» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

«አባዬ» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። «አጎቴ አደራ ብለውዎት ይሆናል። እንዳይቀየሙዎት፣ አልሰማሁም እላለሁ። እነሱ ይንገሩኝ።»

ቢቸና ስንገባ መሽቷል። አጎቷ በር ላይ ጠበቁን። ትርንጎ ጉንጫቸውን ስማ፣ «አባዬ ደኅና ነው?» አለቻቸው።

«ደኅና ነው ልጄ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እሷም ፈገግ አለችላቸው። እራት ቀረበ፣ በላች። ሰይድ መቀመጥ ስላቃተው መኪናውን ላቁም ብሎ ወጣ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተከታትለው ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር። ጩኸቷን ስሰማ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

መመለስ

ከቀብር በኋላ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ይህ መንገድ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ዕድሜ ልኬን ስመለከት በኖርኩት የሰው ፊት ላይ ያን ያህል ማንበብ እንደማልችል ነው። ሰይድ በኋላ «ሐዘን ላይ ናት፣ የእሷን አልሰቅልም» አለኝ።

ትርንጎ ከአርባው በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ሰልሏል።

«ጋሼ፣ አባዬ በሕይወት እያለ የሳቅኩት ፎቶ እርስዎ ጋ ይኖር ይሆን?»

የዚያን ቀን ያነሳሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አገላበጥኩ። አንድም አልነበረኝም፤ የመጀመሪያውን ሳነሳት አባቷ ካረፈ ሰዓታት አልፈው ነበር።