ሌሊት ጸጥ የሚል ቤት

አክስቴ ቁጡ ሆና ነው የተወለደችው ወይስ የኪራይ ቤት ነው ያስቆጣት? ስንት ጊዜ አስቤው መልሱን አጥቼዋለሁ። አባቴ «እህቴ በልጅነቷ ዝንብ እሽ አትልም ነበር» ይላል። እኔ የማውቃት ግን በር ስትዘጋ ግድግዳው የሚደነግጥላት ሴት ናት።

ሥራዋ አውቶቡስ ማጽዳት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አውቶቡሶቹ ወደ ግቢ ሲመለሱ ባልዲዋንና ጓንቷን ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ከወንበር ሥር የተለጠፈ ማስቲካ በቢላ ትፍቃለች፣ የሰው ትውከት ታጥባለች፣ የተረሳ ጃንጥላ ትመዘግባለች። ንጋት ላይ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲወጣ የእሷ ቀን ያልቃል። የምትተኛው አገር ሁሉ ሲነቃ ነው።

ቤት ስትፈልግ ሥራዋ ሌሊት አውቶቡስ ማጽዳት መሆኑን ለደላላው ነገረችው። ሰፈሩ «ምላስ» ይለዋል።

«የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጸጥታ» አለችው።

«እናቴ! ሌሊቱን በሙሉ ኮሽ የማይልበት ቤት አለኝ።»

ያሳያት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ መስኮቱ ወደ መንገድ። ሥሩ የተዘጋ የላሜራ በር አለ። አከራይዋ ከኮሪደሩ ማዶ በጓሮ በኩል ትኖራለች። አክስቴ ባዶው ክፍል መሃል ዓይኗን ጨፍና ቆማ አዳመጠች። ምንም የለም። የዓመት ውል ፈረመች፤ የስድስት ወሩን ኪራይ በቅድሚያ ከፈለች። ቤቱን ያየችው እሷ ፈጽሞ በማትተኛበት ሰዓት መሆኑ ትዝ ያላት ዕቃዋን ባስገባች ማግስት ነው።

በዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የላሜራው በር ተከፈተ። በርና መስኮት የሚሠራበት ብረት ቤት ነበር። ግራይንደሩ ሲነሳ አልጋው ተንቀጠቀጠ። «ብረት አይደለም፣ የኔን ጥርስ ነው የሚቆርጠው» ትል ነበር። በሌሊት ልብሷ ወርዳ በያጁ ላይ ጮኸችበት። እሱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና፣

«እህቴ፣ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ። ቀን ካልሠራሁ መቼ ልሥራ? ሌሊት?» አላት።

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይብስ አንገበገባት። ምላስ ዘንድ ሄደች።

«ስለ ቀኑ ጠየቅሽኝ እንዴ እናቴ?»

«ሌሊት አውቶቡስ እንደማጸዳ ነግሬህ የለ!»

«ማጽዳትሽን ነግረሽኛል። መተኛትሽን መች ነገርሽኝ?»

ከመፈረሟ በፊት «እርስዎ» ትላት የነበረችው አከራይም «አንቺ» ማለት ጀምራለች። «ገንዘቡ ወጥቷል። ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ ክተቺ» አለቻት። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ነው፤ ከሦስቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ሰውን እውነት እየተናገሩ ጉድጓድ መክተት ይቻላል ለካ።

ጥጡን ከተተች። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከረች። አልሆነም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ንጋት፣ የኋላ ወንበር እየወለወለች «ወገቤን ላሳርፍ» ብላ ቁጭ አለች። ስትነቃ ጨርቁን እንደያዘች ነው፤ አውቶቡሱ በሰው ተሞልቶ ሦስተኛው ፌርማታ ደርሷል። ተሳፋሪው ሳቀባት። አንዱማ «እትዬ፣ ሒሳብ!» አላት። ወደ ግቢ ስትመለስ አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ይህ ከተደገመ ቤትሽ ተኝተሽ ትቀሪያለሽ።»

«ቤቴ መተኛት ብችልማ ምን ቸገረኝ!»

ቤቷ ስትደርስ ግራይንደሩ ሥራ ጀምሯል። አልጋው ላይ እንኳ አልተቀመጠችም። ፍራሹን አነሳች፣ በኮሪደሩ ጎተተችው፣ የአከራይዋን በር በእግሯ መታች። አከራይዋ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከፈተች። አክስቴ ገፍታት ገባችና ፍራሹን ሳሎኑ መሃል፣ በጠረጴዛውና በቴሌቪዥኑ መካከል ዘረጋችው።

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«ጸጥታ ተከራይቻለሁ። ያለው እዚህ ነው።»

«ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥሪ። ቀስ ብለው ይግቡ በያቸው እንጂ።»

አከራይዋ ኡኡ አለች። በያጁ ሰው የሞተ መስሎት ግራይንደሩን አጥፍቶ ደረጃውን እየዘለለ መጣ። ፍራሹን አየ፣ አክስቴን አየ።

«እትዬ» አላት አከራይዋን በሹክሹክታ፣ «ይጮኻሉ እኮ። ሰው ሊተኛ ነው።»

ይህን የነገረኝ እሱ ነው። አከራይዋ ስልኳን አንስታ ምላስ ላይ ጮኸች፤ «ይቺን ሴትዮ ዛሬውኑ ሌላ ቤት ፈልግላት! ገንዘቧን እሰጣታለሁ፣ ሳሎኔን ትልቀቅልኝ!» አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ጓንቷን አላወለቀችም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።