ዛሬ ሐይቅ ዳር አጣምሜ የተረጎምኩት

«ልጄ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉኝ ዓሣ ሻጯ እማማ። እኔ ግን ለእንግዳዬ «በጣም ደስ ብሏቸዋል» ብዬ ተረጎምኩላት።

የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ለልምድ ልውውጥ ከኬንያ የመጣች የሙያ አጋሬን ሐይቅ ዳር ያሠራነውን የእግረኛ መንገድ ደረቴን ነፍቼ አስጎበኘኋት።

እሷ ግን እማማን አየቻቸውና «ስታቅዱ አማክራችኋቸዋል? እስቲ ጠይቅልኝ» አለች።

እማማ ሳይቆጡ መለሱ። «ድሮ ጀልባው ዓሣውን እዚሁ ነበር የሚያራግፍልኝ። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ግን ከሩቅ ተሸክሜ ነው የማመጣው። ንገርልኝ።»

አልነገርኩም። እንግዳዬ እጃቸውን ጨብጣ አመሰገነች። እማማም የተናገሩት የደረሰ መስሏቸው «ተባረክ» ብለው መረቁኝ።

ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። (የቀረበውም ዓሣ ነበር!) በመጨረሻ እውነቱን ነገርኳት። እሷም «እኔ የመጣሁት ይህን ልማር ነበር፤ መንገድማ እኛም አገር አለ። ተነስ፣ እንመለስ» አለች።

ተመለስን። እማማ እንደገና ተናገሩ፤ አሁን አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። የእንግዳዬ ፊት ሲለወጥ አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም ታዲያ ምን ብለሃት ነበር?»



በእንግዳ ፊት ላለማፈር ብላችሁ የሰው ቃል ያስቀራችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።