የግራ እጅ ተራ

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ አካባቢ ሒሳብ ማስተማር ስጀምር ፈሪ ነበርኩ። ክፍልፋይ አስረድቼ «ያልገባው ማነው?» እላለሁ፤ አንድ እጅ ካየሁ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ምዕራፉ አያልቅልኝም። ተቆጣጣሪዎች መጥተው አዩኝና «ክፍሉ አይሳተፍም» ብለው ጻፉብኝ።

በስድስተኛው ዓመቴ ግን በሰልኩ፤ ብስለት ካላችሁት። ተማሪዎቼን እንዲህ አሠለጠንኳቸው፦ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሁላችሁም እጅ አውጡ፤ መልሱን የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ። እኔ የምጠራው ቀኝ ያወጣውን ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ተደነቁ፤ ለጀማሪ መምህራን ልምድህን አካፍል ተባልኩ። አካፈልኩ!

ነገሩ ስለጣመኝ ተቆጣጣሪ በሌለበትም ቀጠልኩበት። ትምህርቱ ሽው ይልልኛል። ፎዚያ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከመስከረም ጀምሮ፣ ሳትዋሽ፣ ግራዋን ታወጣ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከተለችኝ።

«ቲቸር፣ የግራ እጅ ተራ መቼ ነው?»

ሳቅሁ። ነገ አልኳት። ያ ነገ ሳይመጣ ቡና ለቀማ ደረሰ፤ ከቤተሰቧ ጋር ሄደች። ሌሎቹ ልጆች ሲመለሱ እሷ ቀረች። እኔ ነኝ ያስቀረኋት? እኔ ነኝ።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ዓመታቱ ምን አደረጉኝ? ያ ፈሪ ጀማሪ ፎዚያን ቢያገኛት ኖሮ እስኪገባት ያስረዳት አልነበር? አብራኝ የተቀጠረች ባልደረባዬ አሁን የልጅ ፊት አይታ ያልገባውን ትለያለች። የሁለታችንም ዓመት እኩል ነው። እሷ የልጆቹን ፊት ስታጠና እኔ የተቆጣጣሪዎቹን አጠናሁ።

ባለፈው ዓመት ጅማ ገበያ አቮካዶ ስገዛ ሻጯ በስሜ ጠራችኝ። ፎዚያ ናት። አጠገቧ ለተቀመጠችው ትንሽ ልጇ በኩራት አሳየችኝ።

«በርሲሳ ኮ! አስተማሪዬ ናቸው። እርስዎማ ጎበዝ ነበሩ፣ ወላሂ! እኔ ነኝ እንጂ የማይገባኝ፣ ሰነፏ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን እንደምል ጠበቀች። አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል! «ተባረኪ» ብዬ አቮካዶዬን ይዤ ሄድኩ።

የፊተኛውን ጥፋት ምዕራፍ ለመጨረስ በነበረኝ ጥድፊያ አሳብቤ ይሆናል። ይህንንስ በምን ላሳብብ? ይቅር በሉኝ አልልም። ያቺ ልጅ እናቷ ሰነፍ እንደነበረች ተቀብላ ቤቷ ገብታለች፤ ያሳመንኳት እኔ ነኝ።