አያ ዘለቀ በአንድ ዓይን

ኅዳር 20፣ ጎንደር፣ ንጋት

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ትከሻዬ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ፣ ከቁመቴ ትንሽ የሚያንስ ሸራ አለ። ያሸከመችኝ የግቢ ጎረቤቴ ዓለም ናት። «አባቴ ብቻውን አይችለውም፤ እኔ ሥራ አለብኝ። አንተ ደግሞ ገጣሚ ነህ» አለችኝ። ሥራ የለህም ማለቷ ነው።

አባቷ አያ ዘለቀ ከዳባት ወዲያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በክረምቱ ባለቤታቸው እቴ ጥሩነሽ ጎንደር ሐኪም ቤት ሲተኙ፣ «በእግሯ ከወጣችልኝ ለማርያም ሥዕል አስገባለሁ» ብለው ስለት ገቡ። እቴ ጥሩነሽ በእግራቸው ወጡ። ነገ የአጥቢያቸው ማርያም ትነግሣለች። ሥዕሉ ዛሬ ካልደረሰ ስለቱ ለከርሞ ሊያድር ነው፤ የስለት ዕዳ ይዞ መክረምን ደግሞ አያ ዘለቀ አይደፍሩትም።

ሥዕሉን እስካሁን ማናችንም አላየነውም። ስለት ያስገባ ሰው በሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ስለሚሣል፣ ዓለም የአባቷን ፎቶ ከስልኳ ለሠዓሊው ልካለታለች። ሠዓሊው ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ደብር ሄዷል። ጠቅልላ ያስረከበችን ሚስቱ ናት፤ «ቀለሙ ገና አልጠነከረም፤ መንገድ ላይ ዘርግታችሁ አናፍሱት» ብላ።

ሹፌሩ ሸራውን በዓይኑ ለካው። «ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። ይከፍላል።»

«እመቤታችንን ነው የምታስከፍላት?» አሉ አያ ዘለቀ።

ሹፌሩ ነጠላውን ሳም አድርጎ ሞተሩን አስነሳ።

ኮሶዬ፣ ረፋድ

መንገዱ ሽቅብ ነው። የታጨደ ገብስ፣ የባቄላ ክምር፣ አፋፍ ላይ የተኛ ጉም። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮ ይቆነጥጣል። ጾም ነውና መንገድ ዳር ካለች ቆርቆሮ ቤት ገብተን ሽሮና ትኩስ ድንች በአዋዜ አዘዝን። ድንቹ ጎንደር ከሚሸጥበት በግማሽ ዋጋ ነው፤ ጣዕሙ ግን እጥፍ።

«በሉ እናናፍሰው» አሉ አያ ዘለቀ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ሹፌሩ ይዘን ዘረጋነው። ተመጋቢው እጁን ከትሪው አንስቶ አማተበ።

የሥዕሉ መደብ እንደ ደረሰ ገብስ ቢጫ ነው። የእመቤታችን ካባ ሰማያዊ፤ ከትከሻዋ ላይ የጠቆረ፣ ወደ ሕፃኑ ሲወርድ እየፈካ የሚሄድ፤ ሠዓሊው ሕፃኑን እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ይመስላል። አንገቷ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ብሩሹ ሳይነሣ ከጆሮዋ እስከ ትከሻዋ ወርዷል። ያ መስመር ትንሽ ጎንበስ በማለቱ ብቻ እናት ሆናለች። እኔ ይህን ለማለት አራት ስንኝ እፈጃለሁ፤ እሱም ከተሳካልኝ።

ከዚያ ዓይናችን ወደ ግርጌው ወረደ።

አያ ዘለቀ ተንበርክከዋል። የኮታቸው ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ አንዱ ጎን ከሌላው አንድ ጣት ወርዷል። ፊታቸው ወደ ጎን ዞሯል። የሚታየው አንድ ዓይን ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ጌታን የሰቀሉት ናቸው። ይህን የአገራችን ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል።

«ወየው! ከሰቃዮቹ ደመረኝ!» አሉ አያ ዘለቀ።

«እመቤታችን እግር ሥር ተንበርክከውስ ወዴት ነው የሚያዩት?» አለ ሹፌሩ። እውነቱን ነው። ያ ዓይን እመቤታችንንም አያይ፣ እኛንም አያይ፤ ከሸራው ጠርዝ ውጭ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል።

«ጠላ ሲቀዳ አይቶ ነው» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት።

«ላሙ ገደል ልትገባበት ነው እንጂ» አለ አንድ ተመጋቢ። «አታዩም፣ ሊያለቅስ ነው።»

«ኧረ እየሣቀ ነው!»

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ወደ ሥዕሉ ተጠጋሁ። የመላእክቱ መስመር እንደ በገና ጅማት የተወጠረ፣ የማይናወጥ ነው። ከአያ ዘለቀ ግንባር የወረደው መስመር ግን ከንፈር ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ጉንጫቸው ላይ በመላው ሥዕል የትም የሌለ ቁንጥር ቀይ አለ፤ ብርድ ወይም ደስታ የሚያመጣው ዓይነት።

«ሸጋ ነው፣ አያ» አልኳቸው።

«ሸጋ? አንተን ከይሁዳ ጎን ቢያስቀምጡህ ሸጋ ትላለህ?»

ስንሳፈር ሹፌሩ በሩን ይዞ ቆመ። «እመቤታችን በነጻ ትሂድ። ያ አንድ ዓይና ግን ይከፍላል።»

ዳባት፣ ከቀትር በኋላ

አያ ዘለቀ እንደ ወረዱ የሆቴል ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው አፈላልገው አገኙ። ሰውየው ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሮ አጎነበሰ። ቀና አለ። በሌላ በኩል ዞሮ አየ።

«ሁለተኛውን ዓይን የት ላድርግልዎ? ባዶ ቦታ ያለው ጆሮዎ ሥር ነው።»

«አድርገው!»

«አያ፣ በጆሮ ከማየት በአንድ ዓይን ማየት አይሻልም?» ብዬ እጄን ሸራው ላይ ዘረጋሁ። ጥቁር ጠብታ እጅጌዬ ላይ ዐረፈች። ለሥነ ጥበብ ከዚህ በላይ ከፍዬ አላውቅም። አያ ዘለቀ ጆሯቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ሸራውን ጠቀለሉ። ከዚያ መንደራቸው እስክንደርስ በእግር ሄድን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዘረጋነው። የደብሩ አለቃ አዩ፤ ጢማቸውን ያዙ። «ዓይኑ አንድ ነው» አሉ። አያ ዘለቀ መሬት መሬት ያያሉ።

ሥዕሉን ሊያዩ የመጡት እቴ ጥሩነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አጎነበሱ። ፊቱን አልፈው ኮቱን ነው ያዩት።

«ይሄማ እኔ የወጣሁ ዕለት ነው» አሉ። «ከሐኪም ቤቱ በር ቆሞ ሲጠብቀኝ፣ ኮቱን እንዲህ አዛንፎ ቆልፎ የሰው መሣቂያ አድርጎኝ ነበር። ዓለም ያን ጊዜ ነው በስልኳ ያነሣችው።» በጣታቸው ያን ዓይን ተከትለው ከሸራው ጠርዝ ወጡ። «እኔን ነው የሚያየው።»

ኮሶዬ ላይ «ሊያለቅስ ነው» ያሉትም «እየሣቀ ነው» ያሉትም ልክ ነበሩ።

«ይግባ» አሉ አለቃው።

«የዓይኑስ ነገር፣ አባ?»

«እኔ የንስሐ አባትህ አይደለሁ ዘለቀ? ሥራህን አውቀዋለሁ። አንዱ ይበቃሃል።»

ኅዳር 21፣ የንግሡ ጠዋት

የሥዕሉን ቦታ የመረጡት አለቃው ራሳቸው ናቸው፤ በወንዶች መቆሚያ በኩል፣ ዓይኑ ወደ ሴቶች መቆሚያ እንዲወድቅ። ቅዳሴው ሲደረግ አያ ዘለቀ ከሥዕሉ ሥር ቆመዋል። በጥድፊያ የለበሱት ኮት ዛሬም ተዛንፎ ተቆልፏል። እሳቸውም የሚያዩት ወደዚያው ነው።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲወጣ፣ እቴ ጥሩነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ባላቸውን በር ላይ ያዟቸው።

«ምነው አንተዬ! ከእንግዲህ ሁለት ሆነህ ነው እንዴ የምታየኝ?»