በሦስት የተቆረጠው የእንደራሴው ፎቶግራፍ

ነቀምቴ

ገና ሳይነጋ ካሜራዬን በትከሻዬ አንግቼ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ወረድሁ። የሄድሁበት ጉዳይ ከእኔ በቀር ማንም የማይወጣው ነው። አቶ ሞሲሳ ለብዙ ዘመን በሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴያችን ሆነው ቆይተው ዘንድሮ "በቃኝ" ብለዋል። ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ ያነሳኋቸው ፎቶግራፎች በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በተርታ ሊሰቀሉ ነው። ድልድይ ሲመርቁ፣ ከገበሬ ጋር ሲከራከሩ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፊደልን ከቡና ጆንያ ላይ ለይቼ፣ ካሜራን ፈትቼ ገጥሜ የተማርሁ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ አገር ሊያየው ይገባል።

የጎደለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በተመረጡበት ቀን ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር አቁሜ አነሳኋቸው። ወረቀት ጠፍቶ ስለነበር ያተምሁት አንድ ነው፤ ነጋቲቩን ደግሞ የሚያፈስ ጣራ አበላሸው። ሦስቱ ሰዎች ያንኑ አንዱን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉት፤ በመቀስ ቆርጠው እያንዳንዱ የራሱን መልክ ይዞ ሄደ።

አቶ ሞሲሳ የራሳቸውን ቁራጭ ከነክፈፉ ሰጡኝ።

"መሀል የቆምሁት እኔ ነበርሁ፤ እንደዚያው ግጠመው።"

"ላነሳው ሰው ይነገራል?" አልኋቸው።

ሲሬ

በአንድ ብር ሲሬ ገባሁ። ገበያ ስለነበር ከአውቶቡሱ ጣራ ዶሮ ከሰው ቀድሞ ወረደ። ከሁለቱ ወዳጆች አንዱ፣ ኦቦ ገለታ፣ ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል።

"አንተ ጃርሳ፣ አለህ እንዴ?"

ሽማግሌ መባሉ አይጥመኝም፤ ግን አንጮቴ በቅቤ ስላቀረበልኝ ይቅር አልሁት። ቁራጩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ መሀል አውጥቶ እየሰጠኝ አስጠነቀቀኝ።

"ሦስተኛችን ፉፋ ከሞተ ወዲህ ሚስቱ የእሱን ቁራጭ አትሰጥም። እንደራሴው የላኩትን ሰው ከደጅ መልሳዋለች።"

"እኔን የሚመልስ ደጅ ገና አልተሠራም።"

አርጆ

በማግስቱ ከነቀምቴ ጨው በጫነ መኪና ወደ አርጆ ወጣሁ። ቀዩ ጭቃ ሁለቴ አስወርዶ አስገፋን። አዴ ጫልቱ፣ የፉፋ ሚስት፣ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"የባሌ መልክ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ከዚህ ግቢ አይወጣም።"

"አይውጣ፤ ካሜራው ራሱ መጥቷል። እዚሁ ደጅዎ አንስቼው እመልስልዎታለሁ።"

ይህን ሲሰሙ አመጡልኝ። ሦስቱን ቁራጮች ሳንቃ ላይ ደረደርሁ፤ እንደራሴውን መሀል።

"ፉፋ ነበር መሀል" አሉ።

"አዴ፣ ያነሳሁት እኔ እኮ ነኝ!"

"እንግዲያው ዓይንዎ ደክሟል።" ባላቸውን አንስተው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። "ከዳር ለማቆም ከሆነ አይነሳም።"

ደመናው እየመጣ ነው፤ ብርሃኑ ካመለጠኝ ደክሜ መቅረቴ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። የእንደራሴውን ቁራጭ ከክፈፉ አወጣሁት። በአንድ ጎኑ የፎቶግራፍ ወረቀት ነጭ ጠርዝ አለው፤ የገለታም እንዲሁ። ነጭ ጠርዝ ደግሞ መሀል ላይ አይኖርም። ከወለጋ ይህን ልብ የሚል ሌላ ሰው ካለ ይምጣ።

"እስቲ ፉፋን ይስጡኝ" አልሁ።

በሁለቱም ጎኑ መቀስ የነካው የእሱ ብቻ ነው። መሀል ሳስገባው ክንዱ፣ በአቶ ሞሲሳ ትከሻ ላይ ባለቤት አጥቶ ከኖረው እጅ ጋር ገጠመ። አዴ ጫልቱ እጁን በጣታቸው ነኩት። አነሳሁት።

ነቀምቴ ስመለስ

ያተምሁትን ሙሉውን ፎቶግራፍ ለአቶ ሞሲሳ ይዤ ሄድሁ። ረጅም ጊዜ አዩት። "ይህን ሁሉ ዘመን መሀል ነበርሁ ስል ኖሬአለሁ" ብለው በረጅሙ ሳቁ። "ያስመረጠኝ ፉፋ ነው። እንዳለ ይሰቀል፤ አንዱን ደግሞ ለጫልቱ ላክላት።"

ከጉዞው የተማርሁት ይህ ነው፤ ሰው ትልቅ ሲሆን ትዝታችን ሁሉ ወደ መሀል ይገፋዋል። እኔ ብረሳም ካሜራዬ በትክክል አንስቶት ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

አሁን ፎቶግራፉ ከተርታው መጀመሪያ ተሰቅሏል። ወደ አዳራሹ የሚገባ ሰው "መሀል ያለው ማነው?" ይላል። አቶ ሞሲሳ ራሳቸው "የአርጆው ፉፋ" ብለው ይመልሳሉ። ያነሳውስ ማነው የሚል ቢመጣ፣ እኔ በሩ አጠገብ ነኝ።