የተበላ አይወረስም

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ በምሳ ሰዓት። ቀኑን ብቻ ክፍት ተውኩት። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ሲከፋኝ እያወጣሁ አነበው ነበር። ብዙ ጊዜ ይከፋኝ ስለነበር ወረቀቱ በእጥፋቱ በኩል ቶሎ ሳሳ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጎንደር ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከምጽፈው ነገር ሁሉ አንጀቴን የሚያቆስለው የመዋጮ ዝርዝር ነው። ኃላፊያችን "ሠራተኞች በሙሉ ፈቃደኝነት ከደመወዛቸው ለመስጠት የወሰኑት" የሚል አርእስት ይሰጠኛል፤ እኔ ከሥሩ ስም እደረድራለሁ፤ ሠራተኛው መወሰኑን የሚያውቀው ደመወዝ ሲቀበል ነው። የራሴንም ስም በራሴ ጣት ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ለእናት ሀገር፣ ለድርቅ፣ ለበዓል ማድመቂያ፣ ለሴቶች ማኅበር ሲባል ሲባል እጄ የሚደርሰው ለሻይ የማያንስ፣ ለኑሮ የማይበቃ ነገር ነበር።

ስለዚህ ነጻ ልወጣ አሰብኩ። ሕዝብ ነጻ የማውጣት ሐሳብ አልነበረኝም፤ ያንን ሥራ የያዙት ሰዎች በዝተው ነበር። እኔ የፈለግሁት አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስፌት ተምሬያለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ቀሚሳቸውን የሚያሳጥሩትም የሚያስረዝሙትም በኔ እጅ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ሊተዉ ነበርና መኪናቸውን ሊሸጡልኝ ተስማማን። ከጥምቀት በኋላ ገንዘቡን ይዤ ልሄድ፣ እሳቸውም እስከዚያ ለማንም ላይሰጡ ቃል ተገባባን። መኪናው ቤቴ በገባ ማግስት ደብዳቤው ላይ ቀን እጽፍበታለሁ።

ገንዘቡን ማጠራቀሙ ሌላ ጣጣ ነበር። ባንክ እንዳላስገባ፣ በመስኮቱ በኩል የሚቀበለኝ ሰው ከሥራ ሲወጣ ቀበሌያችን ውስጥ መዋጮ የሚሰበስበው ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ጠዋት ያየውን ደብተሬን ማታ ይረሳዋል ብዬ ማመን አቃተኝ። ቤቴ እንዳላስቀምጥ ራሴን አላምነውም። እናም እንደ ጨዋ ልጅ ለአክስቴ ሰጠኋት።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ቁስቋም የምትኖር። የምታከራያቸው ሁለት ቤቶች ነበሯት፤ ትርፍ ቤት ተብለው ተወረሱባት። ተከራዮቿ ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ከጀመሩ ወዲህ ሰላምታቸውንም ቀነሱባት። የብር ኖት በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እየተጋፋ ሲያስለውጥ፣ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። "ምን አለኝና አስለውጣለሁ" አለችን። እኛም እሰይ፣ ቢያንስ ከዚህኛው ተረፈች አልን። የእንጨት ሣጥን አላት፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ከዚህ የተሻለ ባንክ ከየት ይመጣል? በየወሩ እወስድላታለሁ፤ ሳትቆጥር ትቀበለኝና "እግዜር ይባርክልሽ" ትለኛለች። ምን እንደሚባርክልኝ አልጠየቅኋትም።

ጥምቀት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገንዘቤን ልቀበል ቁስቋም ወጣሁ። ግቢዋ ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ጎረምሶች ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፣ ሴቶች ጋን ያጥባሉ፣ አንድ ቀይ በሬ ከአጥሩ ጥግ ታስሮ ያመሰኳል። አክስቴ መሐል ቆማ ታዛለች።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኳት።

"እኔ" አለችኝ።

የቁም ተዝካር ነው። ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም ያሉትን ልጆች የማያምን፣ ከሞተ በኋላ የሚያስታውሰው እንዳያጣ ተዝካሩን በሕይወቱ ሳለ ያበላል። ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ሀገር ይበላል፣ ሟቹ ያስተናግዳል። ወጉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በኔ ገንዘብ እንደሚደረግ ግን አላውቅም ነበር።

"ገንዘቤስ?" አልኳት።

በአገጯ በሬውን አሳየችኝ። "ያውልሽ። ሸጋ በሬ ነው፤ ከጠዳ ገበያ ነው የመጣ። የኔዋ ለእህሉና ለጌሾው አለቀች።"

"የስፌት መኪና ልገዛበት ነበር እኮ።"

"ምነው ልጄ፣ መኪና ምን ይሆንሻል? ገዝተሽ ስታበቂ በማኅበር ተደራጂ ብለው ይወስዱብሻል። ቤቶቼን አላየሽም? የተበላ ግን አይወረስም። ሰው ሆድ የገባውን ማን ያወጣዋል?"

ተቃጠልኩ። እውነቱን ለመናገር በሬውን ፈትቼ ይዤው ልሄድ ቃጥቶኝ ነበር። ግን በሬ እየጎተተች የአክስቷን ተዝካር ያፈረሰች ታይፒስት በቁስቋም የመጀመሪያዋ እኔ እሆናለሁ፤ ዝናው አላማረኝም። ነጠላዬን አሸርጬ ጋን ማጠብ ጀመርኩ። እንባዬ እየወረደ ነበርና ሴቶቹ "እንዴት ብትወዳት ነው" ተባባሉ።

በማግስቱ ሀገር መጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ አክስቴ ከፊታቸው ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ ስሟ ሳይጠራ የታለፈ በመሰላት ቁጥር ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ደረሰ። በየስብሰባው ድግስ የባላባት በሽታ መሆኑን የሚያስተምረን ሰው ነው።

"እማማ፣ ይህን ያህል ሰው ሲሰበሰብ ፈቃድ ይጠየቃል" አላት።

"የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ልጄ? ይልቅ ተቀመጥ፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ።"

ተቀመጠ። ከሻኛው አስቆረጠ፣ ከጠላው አስደገመ፣ ከወጡም አልቀረበትም። ሲነሣ አፉን ጠርጎ "ለሰፊው ሕዝብ የተደረገ ከሆነ ችግር የለውም" ብሎ ወሰነ። ጠባቂዎቹም በሙሉ ፈቃደኝነት በሉ።

ልብስ ሰፊውም መጥተው ነበር። ሦስት ጊዜ የጨመርኩላቸው እኔው ነኝ። እያላመጡ ቀና ብለው "እንግዲህ ገንዘቡን መቼ ይዘሽ ትመጫለሽ?" አሉኝ። እየበሉት እኮ ነው ማለት አቃተኝና "በቅርቡ" አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ጠብቀው መኪናውን ለሌላ ሰው ሸጡት፤ አልፈርድባቸውም።

በልቶ የሚወጣው ሁሉ አክስቴን "ነፍስ ይማር" ይላታል፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አሜን" ትላለች። የበሬውን ባለቤት ያመሰገናት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ እንደ ሞተ ሰው ኖረች፤ ማለትም በደንብ ኖረች። መዋጮ ሰብሳቢው ሲመጣ "ከሙታንም ትሰበስባላችሁ?" ትለዋለች፤ እሱም ስቆ ወደኔ ይዞራል። ዓመት ሳይሞላ እርጅና ተጫጫነኝ ብላ ሣጥኗን አሸክማ እኔ ቤት ገባች። ከደመወዜ በላች፣ ከደመወዜ ለበሰች፣ ስትታመምም ከደመወዜ ታከመች። ለነገ ብላ የምታስበው ነገር የላትም፤ የሚወረስባት ነገር የላትም፤ የምትፈራው ኃላፊ የላትም። በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች ከገንዘብ ጣጣ ነጻ የወጣች እሷ ብቻ ናት፤ ነጻ ያወጣኋትም እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን እያወጡ ማንበብ ተውኩ። ለሁለት ሰው አንድ ደመወዝ ይዞ መልቀቂያ ማንበብ በራስ ላይ ማሾፍ ነው።

በስምንተኛው ዓመት እንደገና ሞተች። ቀበርናት። በአርባኛው ቀን ደጄ ዝር ያለ ሰው አልነበረም፤ ተዝካሯ ተበልቷላ። ያን ቀን ብቻዬን ተቀምጬ ሣጥኗን ከፈትኩ። አሮጌ ቀሚስና የተፈተለ ጥጥ አገኛለሁ ብዬ ነበር።

አፉ ድረስ ብር ነው። ንጉሡ ያሉበት የድሮው ብር፣ በጨርቅ በጨርቅ የታሰረ። የቤት ኪራይዋ ነው፤ ለዓመታት ከአፏ ነጥቃ ያጠራቀመችው። ስታስለውጥ ከየት አመጣሽው እንዳይሏት ፈርታ ዝም አለች፤ ቀኑም አለፈ። ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል ከኋላዋ ሣጥኑ ውስጥ ይሄ ሁሉ ወረቀት እየሞተባት ነበር። ክሩ እንዴት እንዳልተበጠሰባት ዛሬም አይገባኝም። እኛ ደግሞ እሰይ ብለናታል።

ስምንት ዓመት በልቤ ሌባ ስላት መኖሬ አሳፈረኝ። ንዴቴ ግን አብሮ አልወጣም፤ የበሬው ነገር ያው የበሬው ነገር ነው። ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ብሮቹ ላይ አስቀመጥኩትና ሣጥኑን ቆለፍኩት።

ደመወዝ እንደወጣ የገበያ ቀን ጠብቄ ጠዳ ወረድኩ፤ አንድ ሸጋ ሙክት ገዛሁ። እየጎተትኩት ሰፈር ስገባ ጎረቤቶቼ ከየደጃፋቸው ብቅ ብቅ አሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ።

"እኔ" አልኳቸው፤ "ግቡ።"