ደረጃ ላይ የተለካ ቦት ጫማ

አምና እንጦጦ ላይ በሞተር ስፖርት ልምምድ ሞተሬን በቋጥኝ መሃል ሳሳልፍ፣ እግሬ ሰፊው ቦት ጫማዬ ውስጥ ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። እንደሚሰፋኝ ስገዛው አውቅ ነበር፤ ለሻጩ መናገር አፍሬ ነው የወሰድኩት። አሰልጣኜ «ሁለተኛ ወለም ካለሽ ሞተሩን እርሺው» አለኝ።

ሲሻለኝ አዲሱ ገበያ ሰልባጅ ጫማ ቤት ገባሁ። ቆዳው ወፍራም፣ ሶሉ በክር የተሰፋ ቦት ጫማ አጠለቅኩ።

«ልክሽ ነው እናቴ። ትንሽ ቢሰፋም በካልሲ ይሞላል» አሉኝ ሻጩ።

ቋጥኝ ላይ የምንነዳው ግን ቆመን ነው፤ የምንቆምበትም መርገጫ ጠባብ ብረት ነው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ቆሜ መለካት ነበረብኝ። ያለው ጠርዝ ደግሞ የሱቁ ደረጃ ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊቱ የታክሲ ሰልፍ። ፊቴ እየጋለ ቆምኩበት፤ ጉልበቴን አጥፌ፣ መሪ እንደያዘ ሰው እጆቼን ዘረጋሁ።

«እህቴ፣ ሞተሩን የት ረሳሽው?» አለ ከሰልፉ አንድ ጎልማሳ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ልወርድ ስል ተረከዜ ጫማው ውስጥ ብድግ አለ። ልክ እንደ አምናው።

«ይሰፋኛል» አልኳቸው ሻጩን። «አንድ ቁጥር ያነሰ ካለዎት ይስጡኝ።»

ያነሰውን አጥልቄ ደረጃው ላይ ተመለስኩ።

«በይ፣ ማርሽ ለውጪ!» አለኝ ሰውየው ከሰልፉ።

በእግሬ ጫፍ ማርሽ እንደማነሳ አደረግኩ። ተረከዜ ከቦታው አልተነቃነቀም።